ስለ አፍንጫዋ የጠየቃት አልነበረም፦ አስምና የአፍንጫ አለርጂ በአንዲት ታካሚ የ24 ዓመት ታሪክ

ለምን መዘገብኩት

ይህ የአንዲት ታካሚ ታሪክ ነው። ስሟን፣ የምትኖርበትንም ሆነ የምትሠራበትን ቦታ አልጠቅስም። እንዲጻፍ ግን ፈቅዳለች። «ሌላ ሰው እንደኔ ሃያ ምናምን ዓመት አይቆይ» ነበር ያለችኝ።

የምጽፈው ጉዳዩ ብርቅ ስለሆነ አይደለም። እንዲያውም በጣም የተለመደ ስለሆነ ነው። አስም ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ አፍንጫውም ይታፈናል። አፍንጫው ለዓመታት ሲታፈን የኖረ ሰው ደግሞ ውሎ አድሮ ደረቱ ሲር ሲር ማለት ሊጀምር ይችላል። ሁለቱ ሕመሞች ግን ሐኪም ቤት የሚገቡት በተለያየ በር ነው። ለደረት አንድ ሐኪም አለ፣ ለአፍንጫ ሌላ። ብዙ ጊዜ ለአፍንጫው ጭራሽ ማንም የለም። የዚህች ታካሚ አፍንጫ እኔም ክፍል ውስጥ ሦስት ጊዜ ሳይታይ አልፏል። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ከጉዳዩ ዋነኛው ትምህርት እሱ ነውና።

ዳራ

ታካሚዋ 31 ዓመቷ ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ቀኑን ሙሉ የቆዩ ፋይሎችን ከመደርደሪያ ታወርዳለች፣ ትመልሳለች። ሲጋራ አጭሳ አታውቅም። ቤቷ ውስጥም የሚያጨስ የለም።

አስም አለብሽ የተባለችው በ27 ዓመቷ ነው። ከዚያ ጀምሮ ሰማያዊው የሳልቡታሞል ፓፍ፣ ማለትም በአፍ የሚሳበው መድኃኒት፣ ከቦርሳዋ ተለይቶ አያውቅም። ሌላ የደረት መድኃኒት አልነበራትም። ሲያፍናት ትወስዳለች፣ ሲለቃት ትረሳዋለች።

እኔ ጋ የመጣችው በአንድ ዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ከገባች በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ 200 ጊዜ የሚሳበውን አንድ የሳልቡታሞል ፓፍ በወር ትጨርስ ነበር። ይህ ብቻውን የአደጋ ምልክት ነው። በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ የሚጨርስ ሰው በከባድ የአስም ጥቃት የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል። አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ የመሞት አደጋውም ይጨምራል። ሳልቡታሞል የተኮማተረውን የአየር ቧንቧ ጡንቻ ያላላል እንጂ ከሥር ያለውን መቆጣት አይነካም። እፎይታው እውነት ነው፣ ግን እሳቱ አልጠፋም። ጂና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዋቂዎችና ወጣቶች በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከሙ ይመክራል።

ችግሩ

በመጀመሪያው ቀን የትንፋሽ ምርመራ አደረግንላት። በአንድ ሰከንድ በኃይል የምታስወጣው አየር 2.1 ሊትር ነበር። ሳልቡታሞል ወስዳ ጥቂት ከቆየች በኋላ 2.5 ሊትር ሆነ። አዋቂ ላይ ልዩነቱ ከ12 በመቶም ከ200 ሚሊ ሊትርም ከበለጠ አስም መሆኑን ይደግፋል። የእሷ 400 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 19 በመቶ ነበር። አስም መሆኑ አላጠራጠረንም።

ቡዴሶናይድ (መቆጣቱን የሚያበርድ ስቴሮይድ) እና ፎርሞቴሮል (ቧንቧውን የሚከፍት) አንድ ላይ ያሉበትን ፓፍ ጠዋትና ማታ እንድትወስድ አዘዝኩላት። ሲያስፈልጋትም ያንኑ እንድትጠቀም ነገርኳት። አወሳሰዷን አየን። ፓፉን ስትጫንና ስትስብ አይገጥምላትም ነበር። መድኃኒቱ ምላሷ ላይ ነበር የሚቀረው። ስፔሰር፣ ማለትም ፓፉ ላይ ተገጥሞ መሳቡን የሚያቀል ቱቦ፣ ሰጠናት፣ አፏን እንድትጉመጠመጥ አስተማርናት።

በሁለት ወር ውስጥ ተሻላት። ድንገተኛ ክፍል መግባት ቀረ። ግን ሙሉ በሙሉ አልዳነችም። በሳምንት ሁለት ሌሊት ሳል ይቀሰቅሳታል። ቤቷ ሆና በፒክ ፍሎው፣ ማለትም በእጅ በሚያዘው ትንሽ የትንፋሽ መለኪያ፣ ጠዋት 290 ማታ 380 ትመዘግባለች። በአንድ ቀን ውስጥ ያለው መዋዠቅ ወደ 27 በመቶ ይጠጋል። አዋቂ ላይ የሳምንቱ አማካይ ከ10 በመቶ ካለፈ በዝቷል ይባላል።

መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደች ነበር። ፓፉ ላይ ያለውን ቆጣሪ አይተናል። እኔም መጠኑን ላሳድግ ወስኜ ማዘዣውን መጻፍ ጀምሬ ነበር።

ሲስተሯ የሰማችው

አብራኝ የምትሠራው ሲስተር ሳልጨርስ ተናገረች። «ዶክተር፣ ይቺ ልጅ አነጋገሯን ልብ ብለውታል? አፍንጫዋ ድፍን ብሎ እኮ ነው የምታወራው።»

ልብ አላልኩም ነበር። «እናቴ ነች ያመጣችኝ» ስትል ግን አሁን ሰማሁት። «ነ» የሚለው ድምፅ ወደ «ደ» ያዘነብላል። «መ» ደግሞ «በ» ይመስላል። እነዚህ ድምፆች በአፍንጫ አየር ካልወጣ አይጠሩም። ሦስት ቀጠሮ ሙሉ አጠገቤ ተቀምጣ ስታወራ ጆሮዬን የሰጠሁት ለደረቷ ብቻ ነው።

ወንበሬን አስጠግቼ ፊቷን አየሁ። የላይኛውና የታችኛው ከንፈሯ ስታርፍም አይገጥሙም። በአፏ ነው የምትተነፍሰው። ከዓይኗ ሥር ጠቆር ያለ ጥላ አለ። ከአፍንጫዋ ጫፍ ከፍ ብሎ ደግሞ በአግድም የተሰመረ ቀጭን መስመር ይታያል። ስለ መስመሩ ስጠይቃት ሳታስበው መዳፏን አንስታ አፍንጫዋን ከታች ወደ ላይ አሸችው። መልሱ ያ ነበር። ያንን ለዓመታት ሲያደርጉት ቆዳው ይታጠፍና መስመር ይተዋል። እሷ ግን አብሯት የተወለደ ይመስላት ነበር።

በመብራት ውስጡን አየሁት። በጎንና በጎን ያሉት ሥጋማ እጥፋቶች አብጠዋል፣ መልካቸው ገርጥቶ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ንፍጡ እንደ ውሃ የጠራ ነው። ተንጠልጥሎ የበቀለ ሥጋ የለም። አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን ስትወስድ ደረቷ ይብስባት እንደሆነ ጠየቅኳት፣ አይብስባትም። ይህ ጥያቄ መዘለል የለበትም። አፍንጫ ውስጥ የበቀለ ሥጋና አስም አንድ ላይ ያሉባቸው አንዳንድ ሰዎች እነዚህን የሕመም ማስታገሻዎች ሲወስዱ ለሕይወት የሚያሰጋ ጥቃት ሊደርስባቸው ይችላል።

«ይሄ እኮ ሳይነስ ነው፣ ለምጄዋለሁ» አለችኝ። ብዙ ሰው በአፍንጫው የሚሰማውን ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። እውነተኛው ሳይነስ በፊት አጥንቶች ውስጥ ያሉት ክፍተቶች ሲቆጡ ነው። ወፍራም ፈሳሽ፣ የፊት ሕመም ወይም የመጫን ስሜት፣ ማሽተት መቀነስ አብረውት ይመጣሉ። አፍንጫንና ዓይንን የሚያሳክክ፣ ጠዋት ጠዋት አሥር ጊዜ የሚያስነጥስ፣ ንፍጡ እንደ ውሃ የሚወርድ ከሆነ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት አለርጂ ነው።

የጊዜ መስመሩ

በሚቀጥለው ቀጠሮ እናቷን ይዛ እንድትመጣ ጠየቅኳት። ዛሬም ቢሆን ከሰጠኋቸው ማዘዣዎች ሁሉ ይሄ ጥያቄ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

«እናቴ፣ ሕፃን እያለች ቆዳዋ እንዴት ነበር?» አልኳቸው።

«ኧረ ተወኝ ልጄ! ክርኗና ጉልበቷ ሥር እየቆሰለ ስንቱን ሌሊት አብሬያት አንግቻለሁ። ችፌ ነው አሉኝ። ሦስት ዓመት ሲሆናት ለቀቃት።»

ሰባት ዓመቷ ላይ ማስነጠስ ጀመረች። ጉንፋን መስሏቸው ነበር። ጉንፋኑ ግን ትኩሳት የለውም፣ አይሄድምም። አሥር አሥራ አንድ ሲሆናት ማታ ማንኮራፋት መጣ። በክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች ተብሎ ከትምህርት ቤት ተጠርተው ያውቃሉ። በ24 ዓመቷ ጉንፋን ሲይዛት ደረቷ ላይ ለሦስት ሳምንት ይቀመጥ ጀመር። ሌሊት ሌሊት ያስላታል። በ26 ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። በ27 ድንገተኛ ክፍል ገባች።

ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ በአግድም አሰመርኩት። ቆዳ፣ ከዚያ አፍንጫ፣ ከዚያ ደረት። ታካሚዋ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና ዝም ብላ ቆየች። «አስሙ አራት ዓመቱ ነው ስል ነበር» አለች። በሕክምና ይህ ቅደም ተከተል የአለርጂ ጉዞ ይባላል። ሁሉም ሰው መንገዱን እስከ ጫፍ አይሄድም፣ ቅደም ተከተሉም ሁልጊዜ አይጠበቅም። የእሷ ግን አንድም ፌርማታ አልዘለለም።

ጊዜ ስለሚፈጀው ነገር በጥናት የሚታወቅም አለ። በአሜሪካ የብራውን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ተመራማሪዎች ለ23 ዓመት ተከታትለዋቸው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ወጣ። መጀመሪያ ላይ የአፍንጫ አለርጂ ከነበረባቸው ውስጥ 10.5 በመቶው አስም ያዛቸው። ካልነበረባቸው ውስጥ 3.6 በመቶ ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የአውሮፓ ጥናት ደግሞ ከስድስት ሺህ በላይ አስም የሌለባቸውን አዋቂዎች ወደ ዘጠኝ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተከታትሏል። የአፍንጫ አለርጂ ከነበረባቸው 4 በመቶው አስም ጀመራቸው፣ ከጤነኞቹ 1.1 በመቶ። ሌሎች ነገሮች ተነጥለው ሲሰላ ዕድሉ ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ነው።

ቁጥሮቹን ስነግራት አንድ ነገር አስከትዬ ነው። የአፍንጫ አለርጂ ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች አስም አይዛቸውም። በሌላ በኩል ከአስም ታካሚዎች አብዛኞቹ የአፍንጫ ችግር አለባቸው። ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነው። አፍንጫው የታመመውን ሰው «ደረትህስ?» ማለት ተገቢ ነው። ደረቱ የታመመውን «አፍንጫህስ?» አለማለት ግን ስህተት ነው።

ቧንቧው አንድ ነው

ለታካሚዋ የነገርኳት እንዲህ ነው። ከአፍንጫ ቀዳዳ እስከ ሳንባ ትናንሽ ቅርንጫፎች ድረስ አንድ ቧንቧ አለ። ውስጡ የተሸፈነው በተመሳሳይ ስስ ሽፋን ነው። በላዩ ላይ እንደ ፀጉር የሚወዛወዙ ጥቃቅን ነገሮችና ዝልግልግ ፈሳሽ አሉ። ልዩነቱ ከሽፋኑ በታች ነው። አፍንጫ ውስጥ የሚያብጡ የደም ሥሮች አሉ፣ ስለዚህ ሲቆጣ ይደፈናል። የሳንባ ቧንቧ ዙሪያው ጡንቻ ነው፣ ስለዚህ ሲቆጣ ይኮማተራል። ቁጣው አንድ ነው፤ ታች ሲደርስ ግን ሌላ ሕመም ይመስላል።

አቧራ ውስጥ ያለ ተባይ ብናኝ አፍንጫ ላይ ሲያርፍ ማስት ሴል የሚባሉት ሕዋሳት ሂስታሚን ይለቃሉ። በደቂቃዎች ውስጥ ማሳከክና ማስነጠስ ይመጣል። ከሰዓታት በኋላ ሁለተኛ ዙር አለ። ኢኦሲኖፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ይጎርፋሉ። አፍንጫው ታፍኖ የሚያድረው በዚህኛው ዙር ነው። እነዚህ ሕዋሳት የሚመጡት በደም ነው። ደም ደግሞ አፍንጫ ላይ አይቆምም።

ይህን እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 የወጡ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ሙከራዎች በግልጽ አሳይተውታል። የአፍንጫ አለርጂ ያለባቸው፣ አስም ግን የሌለባቸው ሰዎች ነበሩ። አለርጂ የሚቀሰቅስባቸውን ነገር አፍንጫቸው ላይ ብቻ ሲያደርጉ ሳንባቸው ውስጥ የመቆጣት ምልክት ታየ። በተቃራኒው የሳንባቸው አንድ ክፍል ላይ ብቻ ሲያደርጉ አፍንጫቸው ተቆጣ። መንገዱ ወደ ላይም ወደ ታችም ክፍት ነው።

ከዚህ በላይ ቀላል የሆነም ምክንያት አለ። አፍንጫ አየሩን ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ ያጣራል። አፍንጫው የተደፈነ ሰው በአፉ ሲተነፍስ ቀዝቃዛና ደረቅ፣ ከነአቧራው የሆነ አየር በቀጥታ ደረቱ ይገባል። እሷ በሌሊት የምትስለው አፏን ከፍታ ስትተኛ ነው።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

የደረቷን መድኃኒት አላሳደግንም፣ አልቀነስንምም። እንዳለ ቀጠለ። አፍንጫዋን ግን ከዜሮ ጀመርን።

መጀመሪያ የምትጠቀመውን ሁሉ በፌስታል ይዛ እንድትመጣ አደረግን። አንድ የአፍንጫ ጠብታ ወጣ። ያበጡትን የደም ሥሮች አኮማትሮ በደቂቃዎች ውስጥ አፍንጫን የሚከፍት ዓይነት ነው። ማታ ማታ፣ ለሁለት ዓመት ተጠቅማበታለች። ይህ ጠብታ ከሦስት እስከ አምስት ቀን በላይ መወሰድ የለበትም። ከዚያ ካለፈ ሲለቅ አፍንጫውን መልሶ ይደፍነዋል። ሰውየው እንደገና ይጨምራል፣ እንደገና ይደፈናል። ስለዚህ የአፍንጫዋ መታፈን ግማሹ አለርጂ፣ ግማሹ ጠብታው ነበር።

በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ይከብዳል። መጀመሪያ በቀኝ ቀዳዳ ብቻ አቆመች፣ በግራው ትንሽ ቀጠለች። ቀኙ ሲከፈት ግራውንም አቆመች። ያ ሳምንት ከባድ ነበር። ሁለት ጊዜ ደውላ «ልመለስበት ነው» ብላናለች። ሲስተሯ በስልክ አበረታታቻት።

ጎን ለጎን የስቴሮይድ የአፍንጫ ስፕሬይ ጀመረች። ስቴሮይድ የሚለው ቃል አስደነገጣት። አፍንጫ ላይ የሚረጨው መጠን ትንሽ መሆኑን፣ ከሚዋጠው ጋር እንደማይወዳደር አስረዳናት። ወዲያው እንደማይሠራም ነገርናት። ሙሉ ውጤቱ እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ይህን ያልተነገረው ሰው በአራተኛው ቀን ይተወዋል። ከስፕሬዩ በፊት በተፈላና በቀዘቀዘ የጨው ውሃ አፍንጫዋን ታጥባለች። ጨው በሊትር ወደ 9 ግራም ነው። ማሳከኩ በሚብስባቸው ቀናት የማያስተኛ የአለርጂ ክኒን ትወስዳለች።

ከክኒኑ ለአንድ ሳምንት ታቅባ የቆዳ ምርመራ ተደረገላት። የአቧራ ተባይና የሣር አበባ ብናኝ ላይ ቆዳዋ አበጠ። የድመት ፀጉር ላይ ምንም የለም። ተባዮቹ በዓይን አይታዩም። ከሰውነታችን የሚረግፈውን ቆዳ ይበላሉ፣ ፍራሽና ትራስ ውስጥ እርጥበት ባለበት ይራባሉ። ስለዚህ አልጋው ላይ አተኮርን። አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ውሃ ይታጠባል። ፍራሹና ትራሱ ብናኝ የማያሳልፍ ልባስ ተደረገላቸው። ምንጣፉ ከመኝታ ክፍሉ ወጣ። መስኮቱ በየቀኑ ይከፈታል፣ የሣር አበባ ወቅት ሲሆን ግን ይዘጋል። ሥራ ቦታዋ ላይ ደግሞ ፋይሎቹን ከማውረዷ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች፣ ማስክ ታደርጋለች።

የሠራውና ያልሠራው

በሦስተኛው ሳምንት የስፕሬዩ ውጤት እምብዛም አልነበረም። አፍንጫዋም መድማት ጀመረ። «አይስማማኝም» አለች። እፊታችን እንድትጠቀም ጠየቅናት። ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ጫፉን ወደ መሃል አዙራ፣ በኃይል ሳበችው። መድኃኒቱ ግማሹ ሁለቱን ቀዳዳ የሚለየው ግድግዳ ላይ አረፈ፣ ግማሹ ጉሮሮዋ ገባ። የሚደማው ያ ግድግዳ ነው።

እጇን አቀያየርንላት። ለቀኝ ቀዳዳ በግራ እጅ፣ ለግራ ቀዳዳ በቀኝ እጅ። እንዲህ ሲያዝ ጫፉ በራሱ ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ይዞራል። ጭንቅላት ትንሽ ወደ ፊት ያዘነብላል። ከተረጨ በኋላ አበባ እንደሚያሸት ሰው ቀስ ተብሎ ይሳባል። መድማቱ በሳምንቱ ቆመ። በሁለተኛው ወር መጨረሻ «ማታ አፌን ገጥሜ ተኛሁ» ብላ መጣች። «ነ» ም ጠርቶ ተሰማ።

ያልሠሩ ነገሮችም አሉ። በመሃል ሞንቴሉካስት የሚባል ክኒን ሞክረን ነበር። ለአፍንጫም ለአስምም ስለሚሰጥ ለእሷ የተመቸ መስሎኝ ነበር። በአምስተኛው ቀን አስፈሪ ሕልም ጀመራት፣ ቀን ቀን ትበሳጫለች። በዘጠነኛው ቀን አቆምነው፣ ለቀቃት። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2020 በዚህ መድኃኒት ላይ የአእምሮና የባሕርይ ለውጥን በተመለከተ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። አስቀድሜ ነግሬያት ስለነበር ምልክቱን ቶሎ ለየችው።

የፍራሽ ልባሱ ብቻውን ምንም ለውጥ አላመጣም። መጀመሪያ የተገዛው እሱ ነበር፣ አንድ ወር ብቻውን ቆየ። ለውጥ የታየው ማጠቡ፣ ምንጣፉና ሌላው ሲጨመር ነው። አንድን ነገር ብቻ ይዞ ተባይን መከላከል ብዙ ጊዜ እንደማይሠራ በጥናትም ይታወቃል። «አለርጂ ይከላከላል» ተብላ የገዛችው መዓዛ ያለው የክፍል ስፕሬይ ደግሞ ደረቷን አባሰባት። መዓዛ የተቆጣን ቧንቧ ይበልጥ ያስቆጣል።

ትልቁ ስህተት የመጣው በአምስተኛው ወር ነው። አፍንጫዋ ተከፍቷል፣ ሌሊት ትተኛለች። ችግሩ አፍንጫ ከነበረ አፍንጫው ድኗል ብላ የደረቷን ፓፍ ተወችው። አጥፍታለች አልልም፤ የአፍንጫውን ነገር ደጋግሜ ስነግራት «የደረቱ አይቋረጥም» የሚለውን በበቂ አልተናገርኩም። በሦስተኛው ሳምንት ጉንፋን ያዛት። በሁለት ቀን ውስጥ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃታት፣ ድንገተኛ ክፍል ገባች። ኦክሲጅን፣ በጭንብል የሚሳብ ሳልቡታሞልና የአምስት ቀን ፕሬድኒሶሎን፣ ማለትም የሚዋጥ ስቴሮይድ፣ አስፈለጋት።

የአፍንጫ ስፕሬይ የደረት ፓፍን አይተካም። አፍንጫን ማከም አስምን ለመቆጣጠር ያግዛል፤ የሳንባን መቆጣት ግን በቀጥታ የሚያክመው ሳንባ ውስጥ የሚገባው ስቴሮይድ ነው። አሁን በካርዷ ላይ ሁለቱ መድኃኒቶች በቅንፍ ታስረዋል። ሥራቸው ተለያይቶ ተጽፏል፣ አንዱ በሌላው ምክንያት እንደማይቆምም እንዲሁ።

ከመጀመሪያ ቀኗ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆኗታል። ከዚያ ጥቃት ወዲህ ድንገተኛ ክፍል አልገባችም። በአንድ ሰከንድ የምታስወጣው አየር 2.8 ሊትር ደርሷል። ፒክ ፍሎው ጠዋት 400፣ ማታ 420 ነው። ተጨማሪ ፓፍ የሚያስፈልጋት በሁለት በሦስት ሳምንት አንዴ ነው። የሣር አበባ ወቅት ሲመጣ ግን አሁንም ታስነጥሳለች፣ ዓይኗ ይቀላል። ወቅቱ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት በፊት ስፕሬዩን በየቀኑ መጠቀም ትጀምራለች።

ለውጡን ያመጣው የትኛው ነው ቢባል በእርግጠኝነት መለየት አልችልም። ስፕሬዩ፣ የጠብታው መቆም፣ አልጋው፣ ትክክለኛው የፓፍ አወሳሰድ በወራት ልዩነት ተደራርበዋል። የማውቀው የደረቷ መድኃኒት መጠን ሳይጨምር ጠዋቷ መለወጡን ነው።

ወደ ሌላ ታካሚ የሚሻገረው

የአስም መድኃኒት መጠን ከመጨመሩ በፊት ሦስት ነገር ይታይ። ፓፉ በትክክል ይሳባል ወይ? በየቀኑ ይወሰዳል ወይ? አፍንጫውስ? እኔ ሁለቱን አይቼ ሦስተኛውን ዘልያለሁ። አሁን በክፍላችን የአስም ካርድ ላይ «አፍንጫ» የሚል መስመር አለ፣ ባዶውን አይታለፍም። መስመሩን ያስጨመረችው ሲስተሯ ናት።

ታካሚው ስፕሬዩን እንዴት እንደሚጠቀም መጠየቅ አይበቃም፣ ማየት ያስፈልጋል። «አዎ፣ አውቃለሁ» ያሉኝ ብዙ ሰዎች ወደ መሃል ግድግዳው ሲረጩ አይቻለሁ። ያለ ማዘዣ የተገዛውንም ሁሉ አስወጡ። ጠብታውን ታካሚዎች መድኃኒት አድርገው ስለማይቆጥሩት «ምን ትወስዳለህ?» ሲባሉ አይናገሩም። «አፍንጫህ ውስጥ ምን ትጨምራለህ?» ተብሎ በግልጽ ይጠየቅ።

ወላጅ ካለ ይጠራ። በሰባት ዓመቱ ያስነጠሰውን ልጁ አያስታውስም፣ ከእናት ግን አይጠፋም።

በልጆች ላይ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። በዛፍና በሣር ብናኝ ምክንያት የአፍንጫ አለርጂ የነበረባቸውን 205 የአውሮፓ ልጆች ያሳተፈ ጥናት ነበር። አለርጂውን የሚቀሰቅሰውን ነገር ራሱን ቀስ በቀስ በመርፌ እየሰጡ ሰውነትን የሚያለማምድ ሕክምና ለሦስት ዓመት የወሰዱት፣ ሕክምናው ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በኋላም ካልወሰዱት ይልቅ አስም የያዛቸው ቁጥራቸው አነስ ያለ ነበር። ሕክምናው ለሁሉም አይሆንም፣ ረጅም ነው፣ በሠለጠነ ሐኪም ክትትል ብቻ ይሰጣል። አስሙ ቁጥጥር ሥር ላልዋለ ሰው አይጀመርም። ለእሷም ያልጀመርነው መጀመሪያ ላይ በዚህ ምክንያት ነው። አሁን ግን ልንነጋገርበት ይገባል።

አስም የለብኝም፣ አፍንጫዬ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ የሚል ሰው ደግሞ እነዚህን ነገሮች ይከታተል። ሌሊት ወይም ንጋት ላይ የሚቀሰቅስ ሳል። ሮጦ ወይም ብዙ ስቆ የሚመጣ ሳል። ሌላው ሰው በሳምንት የሚድንበት ጉንፋን ደረት ላይ ወርዶ ሳምንታት ሲቆይ። ሲተነፍሱ የሚሰማ ሲር ሲር። ደረት ላይ የሆነ ነገር የተጫነ ያህል መጨነቅ። የእሷ ሳል በ24 ዓመቷ ጀምሮ እስከ 27 ድረስ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህንን ሲናገር ነበር። ከነዚህ አንዱ ካለ አፍንጫውን ለሚያየው ሐኪም ይነገር፣ የትንፋሽ ምርመራም ይጠየቅ።